የልብስ ማጠቢያ መኪና ክዳን አልቆለፍ ሲል



ለዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን የመረጥነው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ሲመረምሩት ግን የሰውን እጅና የሕፃንን ሕይወት የሚጠብቅ ነገር ነው። ይኸውም የልብስ ማጠቢያ መኪና የክዳን ቁልፍ ነው። በሞያሌ ከተማ፤ ከወሰኑ ወዲህም ሆነ ወዲያ፤ ይህ መኪና በመንግሥት ሠራተኛውና በነጋዴው ቤት እየገባ ነው። ዕቃው ከገባ በኋላ ግን አንድ ቀን ውሃው ተሞልቶ፤ ሳሙናው ተጨምሮ፤ ልብሱም ታጥቦ ሳለ መኪናው ቀጥ ብሎ ይቆማል። አይጨምቅም። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። የቤቱ እመቤት «ሞተሩ ተቃጠለ» ብላ ትደነግጣለች፤ ባለቤቷም ዕቃውን በርካሽ ለመሸጥ ያስባል። በሚገባ ሲታይ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከሞተሩ አይደለም፤ በአንድ መዳፍ ውስጥ ከምትያዝ የክዳን መቀርቀሪያ ሆኖ ይገኛል።

ዓምዳችንን ከሚያነቡት መካከል ብዙዎቹ አማርኛን በሥራ ላይ ሆነው የሚማሩ ሹማምንትና ጸሐፊዎች ስለ ሆኑ፤ ወደ ብልሽቱ ከመግባታችን በፊት ስለ ቃላቱ ጥቂት እንናገራለን። የዕቃውን ስም በትክክል ያልጠራ ሰው ብልሽቱን ለባለሙያ በትክክል ሊያስረዳ አይችልምና።

መጀመሪያ «ክዳን» የሚለውን ቃል እንመልከት። ከደነ ማለት ሸፈነ ማለት ነው። የድስት ክዳን፣ የሣር ክዳን ቤት እንላለን። ትግርኛ ተናጋሪዎች የሆንነው ግን ከእናታችን አፍ የተቀበልነው «ክዳን» ልብስ ማለት ነው። ምንጩ አንድ ነው፤ መክደኛው ድስትን እንደሚሸፍን ልብስም ገላን ይሸፍናል። ስለዚህ ከሰሜን የመጣ ሰው «የማጠቢያው ክዳን ተበላሸ» ሲባል ልብሱ የተቀደደ ቢመስለው አይፈረድበትም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ክዳን ስንል መኪናው ከላይ የሚከደንበትን መክደኛ ማለታችን ነው። ከፊት ለፊት ለሚከፈተው መኪና ደግሞ «በር» እንላለን።

ሁለተኛው ቃል «ቁልፍ» ነው። አማርኛ በዚህ ቃል ሦስት ነገሮችን ይጠራበታል፤ በኪስ የምንይዘውን መክፈቻ፣ በር ላይ የሚንጠለጠለውን መቆለፊያ፣ እንዲሁም የሸሚዝን ቁልፍ። ከወሰኑ ማዶ በስዋሂሊ ለመቆለፊያው «ኩፉሊ» ይሉታል፤ የሩቅ ዘመድነቱ ጆሮ ላለው ይሰማል። በትግርኛ መክፈቻው «መፍትሕ» ነው፤ በአማርኛ ግን «መፍትሔ» ማለት ለችግር የሚገኝ መላ ነው። ሁለቱም ከመፍታት የመጡ ቃላት ናቸው። እንግዲህ ለቁልፋችን መፍትሔ እንፈልጋለን ማለት ነው።

ሦስተኛው ነገር የአነጋገር ዘይቤ ነው። አማርኛ ግዑዝ ዕቃ እንደ ሰው እንቢ እንዲል ያደርገዋል። «በሩ አልከፈት አለ»፣ «ሞተሩ አልነሣ አለ»፣ «እሳቱ አልያያዝ አለ» ይባላል። በዚሁ መሠረት የክዳን ቁልፍ ብልሽት በሦስት አነጋገር ይለያል። «ክዳኑ አልቆለፍ አለ» ስንል መቀርቀሪያው ፈጽሞ አልያዘም ማለታችን ነው። «ክዳኑ አልከፈት አለ» ስንል ሥራው አልቆ ሳለ መቀርቀሪያው አልለቀቀም ማለታችን ነው። «ክዳኑ ተቆልፏል፤ መኪናው ግን አልዞር አለ» ስንል ደግሞ መቀርቀሪያው ይዟል፤ መያዙ ግን ለመኪናው አልተነገረውም ማለታችን ነው። እነዚህ ሦስቱ ሦስት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ባለሙያውን «መኪናው ተበላሸ» ብሎ ብቻ የሚጠራ ሰው ለማያስፈልግ ዕቃ ገንዘብ ይከፍላል፤ ከሦስቱ አንዱን ለይቶ የሚናገር ሰው ግን ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ቁልፉ ለምን ተሠራ?

በዚህ ክፍል የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማጠቢያ በአሜሪካ አገር በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለገበያ የቀረበ ሲሆን፤ አልቫ ፊሸር የተባለ የቺካጎ ሰው በ1910 የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። በዚያ ዘመን ልብሱ የሚጨመቀው በሁለት ተሽከርካሪ መዳመጫዎች መካከል እያለፈ ነበር። ከልብሱም ጋር የሴቶችና የሕፃናት እጅ እየተሳበ ይገባ ስለ ነበር፤ ሐኪሞች ለዚህ ጉዳት የተለየ ስም እስከ መስጠት ደርሰው «የመጭመቂያ ክንድ» ይሉት ነበር። በ1937 ቤንዲክስ የተባለው ኩባንያ አጥቦ፣ አለቅልቆ፣ በማሽከርከር የሚጨምቀውን ራሱን የቻለ መኪና አወጣ። መዳመጫዎቹ ቀስ በቀስ ቀሩ፤ በምትካቸውም በፍጥነት የሚዞረው ከበሮ መጣ።

ፍጥነቱን በቁጥር እንየው። የአፉ ስፋት 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ከበሮ አንድ ጊዜ ሲዞር ጠርዙ 1.57 ሜትር ያህል ይጓዛል። በደቂቃ 700 ጊዜ ቢዞር በደቂቃ 1,100 ሜትር፤ በሰዓት 66 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደ ማለት ነው። ይህ በአውራ ጎዳና ላይ የሚሮጥ የአውቶቡስ ፍጥነት ነው። ከዚህ የበለጠ የሚፈጥኑ መኪናዎችም አሉ፤ በደቂቃ 1,200 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚዞሩ። በዚህ ፍጥነት የሚዞር እርጥብ አንሶላ ጣት ቢያገኝ ይጠመጥማል፤ ክንድም ቢያገኝ ይሰብራል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ከበሮው በሚዞርበት ጊዜ ክዳኑ እንዳይከፈት፤ ክዳኑ በተከፈተም ጊዜ ከበሮው እንዳይዞር አደረጉ። የቁልፉ ሥራ ይህ ነው። መኪናው ክዳኑ ሳይቆለፍ አልሠራም ሲል ባለቤቱን እያስቸገረ አይደለም፤ እየጠበቀው ነው።

ሦስቱ ዐይነቶች

በገበያ የምናገኛቸው መኪናዎች በሦስት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ሁለት ገንዳ ያለው ነው። በአንደኛው ገንዳ ይታጠባል፤ በሁለተኛው ይጨመቃል። ውሃ በባልዲ ሊሞላበት ስለሚቻልና የመጀመሪያው ልብስ የታጠበበት ውሃ ለሁለተኛው ልብስ ሊያገለግል ስለሚችል፤ ውሃ በጀሪካን በሚገዛበት አገር ተስማሚ ነው። በዚህ መኪና የመጭመቂያው ክዳን ሲዘጋ አንዲት ምላስ ሁለት ስስ የመዳብ ቅጠሎችን ታነካካለች፤ ኤሌክትሪኩም ያልፋል። ክዳኑ ሲነሣ ቅጠሎቹ ይለያያሉ፤ ፍሬኑም ከበሮውን ይይዘዋል።

ሁለተኛው ከላይ የሚከፈትና ራሱን የቻለ ነው። በክዳኑ ላይ ምላስ አለ፤ በመኪናው አካል ላይ ደግሞ ምላሱን የሚቀበል መቀርቀሪያ አለ። በመቀርቀሪያው ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ማግኔት የሚሆን የሽቦ ጥቅል ይገኛል። ጥቅሉ ብረቱን ሲስብ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያም አንዲት ትንሽ ማብሪያ «ክዳኑ ተቆልፏል» ብላ ለመኪናው መቆጣጠሪያ ታስታውቃለች።

ሦስተኛው ከፊት ለፊት የሚከፈተው ነው። የብዙዎቹ ቁልፍ የሚሠራው በሙቀት ነው። ሁለት ዐይነት ብረት ተጣብቆ የተሠራ ስስ ቅጠል አለ፤ ሲሞቅ አንደኛው ብረት ከሌላው የበለጠ ስለሚረዝም ቅጠሉ ይታጠፋል፤ መቀርቀሪያውንም ይገፋል። በዚህ ምክንያት በሩ የሚቆለፈው ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ነው፤ የሚከፈተውም ቅጠሉ ሲቀዘቅዝ፤ ማለት ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ በኋላ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ሥራው እንዳለቀ በሩን እየጎተተ እጀታውን ይሰብራል። ትዕግሥት ከካቻቢቴ ይሻላል።

ምርመራው በየተራ

ወደ ምርመራው ስንገባ ከሁሉ አስቀድሞ ሶኬቱን ከግድግዳው መንቀል ነው። ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም። እጃችንም እግራችንም ደረቅ ይሁን።

አንደኛ፤ ሶኬቱን ነቅለን አምስት ደቂቃ ያህል እንጠብቅ። በመቆጣጠሪያው ውስጥ የተምታታ ትእዛዝ ካለ ይጠፋል፤ በሙቀት የሚሠራው ቁልፍም ይቀዘቅዛል። ከዚያ ሰክተን እንደ ገና እንሞክር። መብራት ከሄደና ከመጣ በኋላ የታየ ብልሽት ብዙ ጊዜ በዚህ ብቻ ይድናል።

ሁለተኛ፤ በክዳኑና በአካሉ መካከል የተነከሰ እጅጌ፣ ካልሲ ወይም የነጠላ ጫፍ አለመኖሩን እንይ። ምላሱ ሊገባ ሲል ጥቂት ጨርቅ ቢያገኝ ቁልፉ አይይዝም። ከፊት በሚከፈተው መኪና ደግሞ በበሩ ዙሪያ ያለውን ጎሚኒ በጣታችን እንዳስስ፤ ሳንቲምና የፀጉር መርፌ እዚያ ይሸሸጋሉ።

ሦስተኛ፤ የመቀርቀሪያውን አፍ እናጽዳ። የሞያሌ አፈር ደቃቅና ቀይ ነው፤ ከዱቄት ሳሙና ጋር ሲገናኝና ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይጠነክራል። አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ለብ ባለ ውሃ እርጥብ አድርገን ቅርፊቱን እናንሣ፤ በደረቅ ጨርቅም እናድርቅ። ውሃ አናፍስስበት፤ ዘይትም አንቀባው። ዘይት አፈር ይሰበስባል፤ በወሩም ብልሽቱ ብሶ ይመለሳል።

አራተኛ፤ ምላሱን እንመርምር። ተሰብሯልን? ተጣሟልን? ከመቀርቀሪያው ቀዳዳ ጋር ትክክል ይገጥማልን? በብዙ ቤት ክዳኑ እንደ ጠረጴዛ ሆኖ ጀሪካን፣ ዘንቢልና የልብስ ክምር ይቀመጥበታል። ከጊዜ በኋላ ክዳኑ ይጎብጣል፤ ማጠፊያውም ይላላል፤ ምላሱም ከቀዳዳው ጥቂት ይርቃል። በእጃችን ክዳኑን ወደ ታች ስንጫነው የሚቆለፍ፤ ስንለቀው ግን የሚከፈት ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው። የማጠፊያውን ብሎን ማጥበቅ ብቻ ሊበቃ ይችላል።

አምስተኛ፤ መኪናው በአራት እግሩ ቀጥ ብሎ መቆሙን እናረጋግጥ። ውሃ ልክ ከሌለን በመኪናው ራስ ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ብናስቀምጥ ውሃው ያጋደለበትን ወገን ያሳየናል። አንድ ከባድ ብርድ ልብስ ብቻውን በአንድ ወገን ሲከመርም ከበሮው እየተንገጫገጨ ቁልፉን ይመታዋል። ይህ በቀላሉ የሚታይ ነገር አይደለም። ሳምሰንግ የተባለው ኩባንያ በ2016 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቆጣጠር በአሜሪካ አገር የተሸጡ 2.8 ሚሊዮን ያህል ከላይ የሚከፈቱ መኪናዎች እንዲታረሙ ያስታወቀው፤ በመጭመቅ ጊዜ ከመጠን በላይ ሲንቀጠቀጡ የላይኛው ክፍላቸው ሊነቀል ይችላል ተብሎ ነው።

ስድስተኛ፤ ሰክተን እናዳምጥ። ክዳኑን ዘግተን ሥራውን ስናስጀምር «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ፈጽሞ ካልተሰማ፤ ኤሌክትሪክ ወደ ቁልፉ አልደረሰም ወይም ጥቅሉ ተቃጥሏል። ድምፁ አንድ ጊዜ ተሰምቶ መኪናው ካልቀጠለ፤ የምታስታውቀዋ ትንሽ ማብሪያ ሥራ አቁማለች። ድምፁ እየደጋገመ «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» ካለ ደግሞ ምላሱ በትክክል አልገጠመም ወይም የኤሌክትሪኩ ኀይል ደክሟል። ፊደል የሚያሳይ መስታወት ያላቸው መኪናዎች በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ «ዲ» የምትባለውን የላቲን ፊደል ያለችበትን ምልክት ያወጣሉ፤ በሩን ለማመልከት ነው። የምልክቱን ትርጉም ከመኪናው ጋር ከመጣው መመሪያ ማየት ይገባል።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ማንኛውም ጠንቃቃ ሰው በቤቱ ሊፈጽመው ይችላል። ከዚህ በኋላ ያለው የባለሙያ ሥራ ነው። ባለሙያው ሶኬቱ ተነቅሎ ሳለ ቁልፉን ይፈታል፤ በቴስተርም ይለካዋል። ቀላል የሆነው የሁለት ገንዳ መኪና ማብሪያ ክዳኑ ሲዘጋ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ፤ ሲከፈት ደግሞ ማቋረጥ አለበት። በሁለቱም ሁኔታ አንድ ዐይነት መልስ ከሰጠ ሞቷል፤ መለወጥ አለበት።

ስለ ሞያሌ ኤሌክትሪክና ሶኬት

በከተማችን ልዩ ጥንቃቄ የሚጠይቅ አንድ ነገር አለ። በወሰን ከተማ አንድ ዕቃ በሁለት አገር ሥርዓት መካከል ይኖራል። የኬንያ ሶኬት ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ አለው፤ በውስጡም አንዲት ትንሽ ፊውዝ ትገኛለች። የኢትዮጵያው ብዙ ጊዜ ሁለት ክብ ጥርስ ያለው ነው። የኤሌክትሪኩ መጠን በኢትዮጵያ 220 ቮልት፤ በኬንያ 240 ቮልት ነው ይባላል፤ የሁለቱም ዑደት 50 ስለ ሆነ ለአንዱ የተሠራው መኪና በሌላው ይሠራል። እንዲያውም የኬንያው ሞያሌ ለብዙ ዓመታት ከኢትዮጵያ በሚሻገር ኤሌክትሪክ ሲበራ ኖሯል። ችግሩ ያለው ከሶኬቱ ላይ ነው።

ከወዲያ ማዶ የተገዛ መኪና ወዲህ ሲመጣ አንዳንድ ሰው ሦስት ጥርሱን ሶኬት ቆርጦ በሁለት ጥርስ ይለውጠዋል፤ አረንጓዴና ቢጫ የሆነውንም ሽቦ ቆርጦ ይጥለዋል። ያ ሽቦ ኤሌክትሪክ ወደ መኪናው አካል ቢያፈስስ ወደ መሬት የሚወስድ የሕይወት መስመር ነው። ውሃና ኤሌክትሪክ በሚገናኙበት ዕቃ ላይ ይህን መስመር መቁረጥ ፈጽሞ አይገባም። በኬንያ ወገን ያላችሁ ደግሞ መኪናው ፈጽሞ ድምፅ ካጣ፤ ቁልፉን ከመጠርጠራችሁ በፊት የሶኬቱን ፊውዝ እዩ።

ሌላው የኀይሉ መድከም ነው። ማታ ሁሉም ቤት ሲያበራ አምፖሉ ከደበዘዘ፤ የቁልፉም ጥቅል ብረቱን ለመሳብ አቅም ያጣል። መኪናው በጠዋት የሚሠራ፤ በማታ ግን አልቆለፍ የሚል ከሆነ ቁልፉ ጤነኛ ነው፤ የደከመው ኤሌክትሪኩ ነው። ስታቢላይዘር ይረዳል፤ ካልሆነም በጠዋት ማጠብ ዋጋ የማይጠይቅ መድኀኒት ነው። በዘመድ በኩል ከአሜሪካ የመጣ መኪና ያለው ሰው ግን የዚያ አገር ኤሌክትሪክ 120 ቮልትና 60 ዑደት መሆኑን ይወቅ፤ ትራንስፎርመር ቮልቱን ይለውጣል እንጂ ዑደቱን አይለውጥም።

ተቆልፎ ለቀረ በር

መብራት ሄዶ ልብስና ውሃ በውስጡ ተቆልፎ ቢቀር፤ በካቻቢቴ መፈልቀቅ አያስፈልግም። ሶኬቱን ነቅሎ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ፤ ውሃው የፈላ ከነበረም እስኪቀዘቅዝ መታገሥ ነው። ብዙዎቹ ከፊት የሚከፈቱ መኪናዎች ውሃው ሳይጎድል በሩን አይለቁም። በታችኛው ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሽ መስኮት ከፍተን፤ ሰፊ ሳህን ደቅነን፤ ማጣሪያውን ቀስ በቀስ እየፈታን ውሃውን እንቅዳ። ውሃው በዋጋ የተገዛ ነውና አይደፋ፤ ወለል ያጥባል፤ የግቢውንም አቧራ ያስተኛል።

ሊደረግ የማይገባው ነገር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ሞያሌ ከአዲስ አበባም ሆነ ከናይሮቢ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የመለዋወጫ ዕቃ በአንድ ቀን አይገኝም። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ሠራተኛ ቁልፉን በመለወጥ ፈንታ ሁለቱን ሽቦ ያገናኝና መኪናውን ያታልለዋል። ከዚያ ወዲያ መኪናው ክዳኑ ሁልጊዜ የተቆለፈ ይመስለዋል፤ ክዳኑ ተከፍቶም ይዞራል።

በምናውቀው አንድ ቤት እንዲህ ሆነ። ሠራተኛው መሣሪያውን እየሰበሰበ፤

«እትዬ፤ አሁን ይሠራል። ከእንግዲህ አያስቸግርዎትም» አለ።

እመቤቲቱም፤ «ልጄ፤ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሲዞር አየሁት። እንዲህ ነው እንዴ የነበረው?» ብለው ጠየቁ።

«ይህ የተሻለ ነው፤ እትዬ። እያዩ ያጥባሉ።»

ቃሉ አጥጋቢ መሰለ፤ የእጁም ዋጋ ተከፈለ። በሦስተኛው እጥበት የቤቱ ታናሽ ልጅ፤ ገና የስድስት ዓመት ሕፃን፤ የራስዋን ቀሚስ ለማየት በዱካ ላይ ወጥታ እጅዋን ሰደደች። የቤት ሠራተኛዋ ከኋላዋ ይዛ ባትስባት ኖሮ የሚሆነውን ለመናገር አንፈልግም። የልጅቱ የጨሌ አምባር ተበጥሶ ከበሮው ውስጥ ተገኘ፤ ክንድዋም ለሳምንት ያህል አብጦ ሰነበተ። ሠራተኛው ተጠርቶ ሲጠየቅ «እኔ የታዘዝሁት እንዲሠራ ነው» ብሎ መለሰ።

በዚህ መልስ ላይ ትንሽ ማሰብ ይገባል። ሰውዬው ውሸት አልተናገረም። የታዘዘው «መኪናው ይሥራ» ተብሎ ነበር፤ መኪናውም ሠራ። እንግዲህ ትእዛዛችን መለወጥ አለበት። «እንዲሠራ አድርግልኝ» በማለት ፈንታ «ቁልፉን አድስልኝ፤ ክዳኑ ሲከፈትም ከበሮው እንዲቆም አድርግልኝ» ማለት ይገባል። በመሥሪያ ቤትም እንዲሁ አይደለምን? ጉድለት ያለበት ትእዛዝ ጉድለት ያለበት ሥራ ይወልዳል።

መለዋወጫው እስኪመጣ ድረስ ያለውን ጊዜ ማለፍ አስቸጋሪ አይደለም። ማጠቢያው የሚሠራ ከሆነ በመኪናው እናጥባለን፤ በእጅ እንጨምቃለን። ለአንሶላና ለጋቢ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ይዞ በተቃራኒ ወገን ቢያጥፈው በደንብ ይጨመቃል። የሞያሌ ፀሐይ ደግሞ የቀረውን በጥቂት ሰዓት ታደርቀዋለች። ልብስ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ቢደርቅ ጉዳት የለውም፤ የተቆረጠ ጣት ግን ተመልሶ አይበቅልም።

መለዋወጫውን ስናዝዝ የመኪናውን የሞዴል ቁጥር እንጻፍ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በጀርባው ወይም በክዳኑና በበሩ ጠርዝ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ይገኛል። አሮጌውን ቁልፍም ከቁጥሩ ጋር ለሚሄደው ሰው እንስጥ፤ ሁለት ቁልፎች በመልክ መንትያ መስለው በሽቦ አገባባቸው ሊለያዩ ይችላሉና።

ያገለገለ መኪና ለሚገዙ

በአውሮፓ አቆጣጠር በታኅሣሥ 2020 የሞያሌው የጋራ የኬላ አገልግሎት ከተመረቀ ወዲህ የሁለቱ አገሮች የጉምሩክና የኢምግሬሽን ሠራተኞች ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ የወሰን ከተማ ነውና ዕቃም ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ሽቦው የተገናኘበት መኪና ግን በመልኩ ከጤነኛው አይለይም። አንደኛው ቤት አደጋውን አውቆ ይሸጠዋል፤ ሁለተኛው ቤት ሳያውቅ ይገዛዋል። ስለዚህ ገዢ ሁሉ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ይህን ይሞክር።

መኪናው ባዶውን እንዲጨምቅ ይደረግ። ከበሮው ሲዞር፤ እጅን አርቆ፤ ክዳኑን ለማንሣት ይሞከር። ጤነኛ ከሆነ ወይ ክዳኑ አልከፈት ይላል፤ ወይም ሲከፈት ከበሮው ወዲያው ይቆማል። ለሁለት ገንዳ መኪና የተጻፉ መመሪያዎች እንደሚያዝዙት፤ ክዳኑ ከተነሣ በኋላ ከበሮው በ15 ሰከንድ ውስጥ ካልቆመ ፍሬኑ እስኪታደስ ድረስ በመኪናው መሥራት አይገባም። ክዳኑ ተከፍቶ ከበሮው መዞሩን ከቀጠለ ደግሞ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ውድ ነው። የሚሸጥም ሰው ቢሆን እንዲህ ያለውን መኪና ለጎረቤቱ ከማስተላለፉ በፊት ቁልፉን ማሳደስ ይገባዋል፤ ይህን ማድረግ ባይችል ግን ጉድለቱን ለገዢው በግልጽ ይንገር።

አበው «ሳይደርቅ በእርጥቡ፤ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ። ክዳኑ አንድ ጊዜ እንቢ ብሎ በሁለተኛው የተቆለፈ ዕለት ምርመራውን መጀመር ያን ጊዜ ነው። በወር አንድ ጊዜ የመቀርቀሪያውን አፍ መጥረግ፤ በክዳኑ ላይ ሸክም አለማስቀመጥ፤ እግሮቹን ማስተካከል፤ ሕፃናትም በመኪናው አጠገብ ዱካ እንዳያቆሙ መከልከል፤ እነዚህ አራቱ ገንዘብ አይጠይቁም።

ለቋንቋ ተማሪዎቻችን የዛሬው መልመጃ ይህ ነው። በየቤታችሁ ካለው ዕቃ ሦስቱን መርጣችሁ «አልከፈት አለ»፣ «አልዘጋ አለ»፣ «አልሠራ አለ» በሚሉት አነጋገሮች አንዳንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ፤ ከዚያም በእያንዳንዱ ሥር ምክንያቱን «ምክንያቱም» ብላችሁ ጨምሩ። እንቢ ያለው ዕቃ ምን ሊነግራችሁ እንደ ፈለገ መጠየቅ ከቋንቋም ከጥገናም ትምህርት የመጀመሪያው ነው።